ለወይንሸት የተያዘ ወንበር

ወይንሸት ያን ቀን አውቶቡስ የተሳፈረችው መኪናዋ ስለተበላሸ ብቻ ነው። መካኒኩ «ነገ ትደርሳለች» ሲላት፣ ከዳውንታውን ኦክላንድ ወደ በርክሌ የሚሄደውን አውቶቡስ ጠበቀች። በርክሌ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ናት። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የሚለውን ለበሽተኛው በአማርኛ፣ በሽተኛው በአማርኛ የሚያማርረውን ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ስታቀብል ትውላለች። ጠዋት ስለነበር ተሳፋሪው ብዙ ነው። ካርዷን ነክታ አለፈችና መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሹፌሩን ቀና ብላም አላየችው።

ሹፌሩ ግን አይቷታል።

አምሐ ሰረቀብርሃን መሪውን እንደያዘ መስታወቱ ውስጥ ተመለከታት። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ጉንጯ ሰፋ ብሏል። የታችኛውን ከንፈሯን እየነከሰች ወደ ውጭ ታያለች፤ ይህ አመሏ ግን አልሸበተም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋበት ድረስ አምሐ እግሩን ከፍሬን አላነሳም።

መውረጃዋ ሲደርስ በፊተኛው በር መጣች። እንደ ሁሉም ሰው «ታንክ ዩ» ብላ ልትወርድ ስትል፣

«ወይንሸት» አላት።

እጇ ብረቱን እንደጨበጠ ቀረ። ዞር ብላ አየችው። መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ከዚያ እንደገና ዓይኑን።

«አምሐ? አለህ?»

«አለሁ» አላት፤ ሰው ሁሉ ለሰላምታ እንደሚለው።

ወይንሸት ግን እንደ ሰላምታ አልተቀበለችውም። ዓይኗ እንባ ሞላና ወረደች። አምሐ በሩን ዘግቶ ሲነሳ፣ ቆማ አውቶቡሱን በዓይኗ ስትሸኘው በጎን መስታወት አያት።

መኪናዋ በማግሥቱ ደረሰላት። እሷ ግን በማግሥቱም በአውቶቡስ መጣች፤ ከዚያ በኋላም። ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እየነዱ ማውራት ስለማይፈቀድ ወሬያቸው ቀይ መብራት ላይ ይጀመርና አረንጓዴ ላይ ይቋረጣል። ባሏ ደግነት ከጥቂት ዓመታት በፊት በልብ ሕመም እንዳረፈ፣ ልጇ ናዝሬት ፋርማሲስት እንደሆነች፣ እንዲህ እየተቆራረጠ ነገረችው።

«አንተስ?» አለችው አንድ ቀን።

«ሳን ፓብሎ ነው ያለሁት።»

«ቤተሰብ ማለቴ ነው።»

«ሳይሆን ቀረ» አለና መብራቱን ተመለከተ። አሁንም ቀይ ነበር።

አምሐ ጠዋት በሩን በከፈተ ቁጥር «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል ይውላል። ማታ ሳን ፓብሎ ያለችው አንድ ክፍል ቤቱ ሲገባ ግን እስከ ማግሥቱ ድምፁን የሚያወጣበት ምክንያት የለም። ግድግዳውን አልፎ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ አንዳንዴ የራሱን የማይከፍተው የጎረቤቱ እንዳይሸፈንበት ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዎች ትከሻውን ነክተው «ደህና ነህ ወይ አምሐ?» ይሉታል። ከዚያ ልጆቻቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ።

* * *

አሜሪካ የገባው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ከአባቱ ከአቶ ሰረቀብርሃን ጋር፣ በሱዳን በኩል ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞታለች። አባቱ ሳን ሆዜ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ይውላሉ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ከሰፈራቸው ጀርባ ግን አንድ የአፈር ሜዳ ነበር። ልጆች ጎማቸው ትንንሽ በሆኑ ብስክሌቶች ኮረብታ ይወጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ፣ እየሳቁ ይነሳሉ። ስፖርቱ ቢኤምኤክስ ይባላል፤ ያኔ ገና አዲስ ነበር። አምሐ ከተጣለ ዕቃ መሐል አንድ ጎማዋ የጎደለ ብስክሌት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ባዶ መሆኑን ረሳው።

ውድድሩ አጭር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ አይዘልም። ስምንት ተወዳዳሪዎች ኮረብታ አናት ላይ ከብረት መዝጊያ ጀርባ ጎን ለጎን ይቆማሉ። መዝጊያው ሲወድቅ ሁሉም ወደታች ይወረወራሉ። አምሐ መዝጊያው ከመውደቁ በፊት «በስመ አብ» ይል ነበር። አጠገቡ የሚቆሙት ፈረንጆች ይህን ሰምተው «ቢስማርክ» ብለው ስም አወጡለት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። አንድ የብስክሌት ሱቅ ማልያና የአውሮፕላን ትኬት ሰጠው። በቴክሳስና በኦሃዮ ሮጠ፤ በቫን ውስጥ ተኛ፤ ፎቶው በስፖርቱ መጽሔት ወጣ። አቶ ሰረቀብርሃን መጽሔቱን ማቆሚያው ድረስ ይዘው ሄደው መኪና ለሚያቆም ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ከወይንሸት ጋር የተዋወቁት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኦክላንድ በነበረ የስደተኞች ቢሮ ነው። ሁለቱም ለወላጆቻቸው ሊያስተረጉሙ መጥተዋል። ጸሐፊዋ አባቱን «ቺክን ፖክስ ታመው ያውቃሉ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አምሐ ትንሽ አስቦ፣ «አባባ፣ የዶሮ በሽታ ታመህ ታውቃለህ?» አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ጉድፍ በለው እንጂ!» አለች። ያን ቀን የጀመረው ሳቅ ለዓመታት አላባራም።

አባቷ አቶ ዓባይነህ ወንጌላዊ ናቸው። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ታስረው የተገረፉ፣ ኦክላንድ ቀን የሆቴል ልብስ እያጠቡ እሑድ የሚሰብኩ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰው። አምሐ ኦርቶዶክስ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራው ጨዋታ ነው። «ብስክሌት ልጅ ይጫወትበታል፤ ሰው ትዳር አይመሠርትበትም» አሉ አቶ ዓባይነህ፣ ሁለቱ መዋደዳቸውን ሲሰሙ። ጉዳዩም አለቀ። በእሳቸው በኩል ማለት ነው።

በዚያው ክረምት ሳን ሆዜ ትልቅ ውድድር ተዘጋጀ። አምሐ ከዚያ በፊት ወይንሸትን ደውሎ አገኛት።

«አንድ ቀን ብቻ መጥተሽ እይኝ። አባባ አጠገቡ ወንበር ይይዝልሻል። ከመጣሽ መልስሽ እሺ ነው፤ አባትሽን ዓይናቸውን አይቼ እጠይቃለሁ። ካልመጣሽም ገባኝ፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

«አምሐ፣ እንዲህ አታድርገኝ» አለች። ስልኩ በዚያው ተዘጋ።

ውድድሩ ሊጀመር ሲል ከኮረብታው አናት ወደ ተመልካቹ አየ። አቶ ሰረቀብርሃን ኮታቸውን አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ አንጥፈዋል። ወንበሩ ላይ ከኮቱ በቀር ማንም አልነበረም። መዝጊያው ወደቀ። ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ሲዘል የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ነካ፤ ከኋላው የሚመጡት ላዩ ላይ ወደቁ። ዳሌው ተሰበረ፣ ሳንባው ተበሳ፣ ለቀናት ራሱን አላወቀም። ሲነቃ አባቱ አጠገቡ ነበሩ። ወይንሸት አልነበረችም፤ በኋላም አልመጣችም። በማግሥቱ ዓመት ወደ ውድድር ሊመለስ ሞከረ፤ ዳሌው እምቢ አለ። ወይንሸት ደግነትን ማግባቷን ከሰው ሰማ።

* * *

አሁን፣ በዚህ የፀደይ ወር፣ ሳን ሆዜ ካለው ትራክ ስልክ ተደወለለት። የጥንቶቹን ፕሮፌሽናሎች ሊያከብሩ ነው፤ እያንዳንዱ በዝግታ አንድ ዙር እንዲነዳ ይፈልጋሉ። አምሐ ሊቀር ነበር። ወይንሸት ከበሩ አጠገብ ስትቀመጥ ግን ሐሳቡን ለወጠ።

«ቅዳሜ ሳን ሆዜ ተጠርቻለሁ። ያ ትራክ» አላት ቀይ መብራት ላይ። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«እዚያ አልሄድም።»

«እንዲያው ለማየት ብቻ…»

«አምሐ፣ አልችልም አልኩህ!»

ተሳፋሪዎች ቀና አሉ። አምሐ ወደ መንገዱ ዞረ። አሁንም ያው ነው አለ በልቡ፤ የወንጌላዊው ልጅ አሁንም በብስክሌት ነጂ ታፍራለች። መውረጃዋ ሲደርስ በሩን ከፈተ፤ ዞሮ አላያትም። በማግሥቱ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም ወንበሯ ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀመጡበት፤ እያንዳንዳቸውን ከመስታወቱ ውስጥ ማየት ሰለቸው። አለቃውን ሌላ መስመር እንዲሰጠው ጠየቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ወደ ሳን ሆዜ ነዳ። የድሮ ጓደኞቹ ከሚስቶቻቸው፣ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተዋል። «ቢስማርክ!» እያሉ አቀፉት። አንዱ፣ «ቤተሰብህስ?» ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። አምሐ ፈገግ ብሎ ውሃ ሊያመጣ ሄደ።

ከውሃው ሲመለስ ወይንሸት ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ አገኛት። ቁልፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«መጥቼ ነበር» አለችው።

«አያለሁ፤ መጥተሻል።»

«ዛሬ አይደለም። ያን ቀን።»

የያዘው ብርጭቆ ተንጋዶ ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«አጥሩ ጋ ነበርኩ፤ እዚያ መታጠፊያው ላይ። ወንበሮቹ ላይ የሚያውቀኝ ሀበሻ ቢኖርስ፣ ለአባባ ቢነግርስ ብዬ ሻርፕ ተከናንቤ። ወደ አባትህ በኩል ስታይ አየሁህ። እጄን ላውለበልብልህ አልኩና፣ አይ ሲጨርስ እሄድና እሺ እለዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወደቅክ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አልተንቀሳቀስክም። አጠገቤ ያለ ሰውዬ ‹ሂ ኢዝ ጎን› አለ። እኔ የሰማሁትን መተርጎም ልማዴ ነው። ሞተ አለ ማለት ነው አልኩ። አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ ካተረፍክልኝ እተወዋለሁ፤ የእሱ አልሆንም አልኩት። ሌላ ምን ልሰጠው? ያለኝ አንተ ብቻ ነበርክ።»

አምሐ ባዶውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ማን ጠየቀሽ?»

«አምሐ…»

«በእኔ ነፍስ ስትሳይ እኔን ማን ጠየቀኝ? የሆስፒታሉ በር በተከፈተ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ቀና እል ነበር። ነርሷ ናት፤ ምግብ አመላላሿ ናት፤ አባቴ ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም። ናቀችኝ ብዬ ነው የኖርኩት፣ ወይንሸት! ከዚያ በኋላ ሴት በወደደችኝ ቁጥር አንድ ቀን ወንበሩን ባዶ ትተውልኛለች እያልኩ እኔ ቀድሜ ሸሸሁ። እንዲህ ነው ያተረፍሽኝ?»

«በሩ ድረስ መጥቻለሁ። ነርሷ ‹ምኑ ነሽ?› አለችኝ። ምኑ ነኝ ልበላት? እዚያው ተመለስኩ። ቃሌን ካፈረስኩ ትሞታለህ ብዬ ፈራሁ። ከደግነት ጋር በሐሰት አልኖርኩም፤ ወድጄዋለሁ፣ ቀብሬዋለሁ። ግን ከሳን ሆዜ ሰው በመጣ ቁጥር ‹አምሐ አለ?› እል ነበር። ሌላ አልጠይቅም። አለ ካሉኝ ያን ሌሊት እተኛለሁ። አውቶቡሱ ላይ ‹አለሁ› ስትለኝ…»

«ዮፍታሔ ተሳለ፤ የከፈለችው ልጁ ናት» አላት።

«አባባ ሲሰብኩበት ሰምቻለሁ። ራሴም አንብቤ አልቅሻለሁ። ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም።»

«እኔንም።»

«አንተንም» አለች፤ አንገቷን ደፋች።

በድምፅ ማጉያው «ቢስማርክ!» ተባለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወይንሸት ክንዱን ያዘችው።

«አትውጣ። እባክህን።»

«አንቺ ስትፈሪ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ቀረሁ። ዛሬስ እወጣለሁ። ማየት ካቃተሽ መኪናሽ እዚሁ ነው።»

ክንዱን አስለቅቆ ሄደ። ያዋሱት ብስክሌት ላይ ተቀመጠ፤ ዳሌው አቃሰተ። መዝጊያው ወደቀ። አልዘለለም፤ እያንዳንዱን ኮረብታ እንደ ሽማግሌ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ወረደ። ሕዝቡ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማም። ሦስተኛው ኮረብታ አናት ላይ ሲደርስ ወደ መታጠፊያው አየ። ወይንሸት አጥሩን በጣቶቿ ጨምድዳ ቆማለች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ዙሩን ጨርሶ እያነከሰ ወደ አጥሩ መጣ። ሽቦው በመካከላቸው ነበር።

«አየሽ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ምን እያልሽ ነበር?»

«አልተሳልኩም» አለችው፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። «እንዳትወድቅ ለመንኩት። በነጻ።»

አምሐ ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። ከወዲያ በኩል ግንባሯን አምጥታ አጠገቡ አደረገች። በሕይወቱ እንዲህ ቀርቦት የሚያውቅ ሰው የለም፤ የጎደለበትም እንደዚያች ደቂቃ ተሰምቶት አያውቅም።

* * *

እሑድ ከቸርች በኋላ ቤቷ ጠራችው። «ለናዝሬት እነግራታለሁ። ከዚያ በላይ አሁን አትጠይቀኝ» አለችው። አምሐ ከቅዳሴ ሲወጣ ማንንም አልጠበቀም፤ ልብሱን ሁለቴ ቀይሮ ሄደ።

ናዝሬት በሩን የከፈተችው በትሕትና ነው። የአባቷ የደግነት ፎቶ ከገበታው ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ደግ ፊት ነው፣ አምሐ ሊጠላው አልቻለም። ምሳው ቀርቦ እንደተቀመጡ ወይንሸት ጀመረች። ምንም አልደበቀችም። ውድድሩን፣ አጥሩን፣ ስለቱን፣ የሆስፒታሉን በር ነገረቻት። ናዝሬት ሹካዋን አስቀመጠች። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው።

«እሱ ባይወድቅ ኖሮ እኔ የለሁም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ናዚዬ…»

«አባዬ ምንሽ ነበር፣ ማሚ? ቅጣትሽ?»

«አባትሽ ያልጠየቅሁት ስጦታ ነው። አንቺም።»

ናዝሬት ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ። ወይንሸት ወደ አምሐ አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ልጇን ተከትላ ገባች።

አምሐ ብቻውን ቀረ። የበግ ወጡ ጠርዙ ላይ መርጋት ጀመረ። ከበሩ ወዲያ የሁለት ሴቶች ልቅሶ ይሰማል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በአማርኛ። የሰው ሐዘን መሐል ምን እሠራለሁ አለ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው፤ የውጭው በር ቅርብ ነው። ቢወጣ ማንም አይሰማውም፤ ሳን ፓብሎም እንደ ወትሮው ዝም ብላ ትቀበለዋለች። እጁ ጃኬቱ ላይ አረፈ። ወንበሩን ወደኋላ ሊገፋም እግሩን አጠነከረ።

ግን አልተነሳም። ተቀምጦ የደግነትን ፎቶ እያየ ጠበቀ። ፀሐይዋ ከገበታው ላይ ወደ ወለሉ ወረደች።

በሩ ተከፈተ። ወይንሸት ዓይኗ አብጦ ወጣች። ስታየው ቆመች።

«አልሄድክም?»

«አልሄድኩም።»

ፊት ለፊቱ ወደነበረው ቦታዋ አልተመለሰችም። አጠገቡ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን እጁ ላይ አደረገች።

ናዝሬት ፊቷን ታጥባ መጣች። ማንንም ሳታይ የአምሐን ሳህን አነሳች። ወደ ወጥ ቤቱ ልትሄድ ስትል ቆመች፤ ቃሉን ስትፈልግ ከንፈሯን እንደ እናቷ ነከሰች።

«ቀዝቅዟል» አለች፤ በአማርኛ። «ላሙቅልዎት?»

ሽማግሌ የሆነ ሁሉ ለማንም ወጣት የሚለው አንድ ቃል አለ። አምሐ ግን ቃሉን የሚያወጣበት ቤት ኖሮት ስለማያውቅ እስከ ዛሬ በአፉ አላለፈም።

«አዎ» አላት። «አዎ፣ ልጄ።»